የአንባቢያን ጥያቄ፦ ማኔጅመንትና ቋንቋ በሁለት አገር፣ በሁለት ዲግሪ

ቢዝነስ ማኔጅመንትን ከውጭ ቋንቋ ጋር አጣምሮ ስለሚያስተምረው ዓለም አቀፍ ደብል ዲግሪ የጻፋችሁልንን ጥያቄዎች ሰብስበን መልስ ሰጥተናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

የሊሴ ገብረማርያም የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቢዝነስን ፈረንሳይና ጀርመን ተከፋፍሎ ተምሮ ከሁለቱም ዲግሪ መያዝ እንደሚቻል ሰማሁ። ኤክስቼንጅ ከሚባለው በምን ይለያል? በእርግጥ ሁለት ዲግሪ ነው ወይስ አንድ ወረቀት ላይ የሁለት ዩኒቨርሲቲ ማኅተም? — አዲስ አበባ

ሁለት ዲግሪ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ዲፕሎማዎች ትቀበያለሽ። በኤክስቼንጅ የተመዘገብሽበት ዩኒቨርሲቲ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት ውጭ ቆይተሽ ያመጣሽውን ውጤት ይቆጥርልሻል። አንድ ወረቀት ላይ የሁለት ተቋም ስም የሚሰፍርበት ደግሞ የጋራ ዲግሪ የሚባለው ነው። በደብል ዲግሪ ግን የሁለቱም ተማሪ ነሽ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ደንብ ያስመርቁሻል።

አንድ ነባር ምሳሌ እንውሰድ። በደቡብ ጀርመን ከሽቱትጋርት አጠገብ በምትገኘው ሮይትሊንገን ከተማ ኢኤስቢ የሚባል የቢዝነስ ትምህርት ቤት አለ። ይህን ዓይነት ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አጋሮቹ በፈረንሳይዋ ሬምስ ከተማ የሚገኘው ኔኦማ፣ ደብሊን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ የማድሪዱ ኮሚያስ፣ ፒያቼንዛ ያለው የኢጣሊያ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ የቦስተኑ ኖርዝኢስተርንና ኖርዝ ካሮላይና ስቴትን የመሳሰሉ ናቸው። ትምህርቱ 4 ዓመት ነው፤ ሁለቱ በአንዱ አገር፣ ሁለቱ በሌላው፤ የሥራ ልምምድም አለው።

በ4 ዓመት ሁለት ዲግሪ እንዴት ሊሆን ቻለ ካልሽ፣ ምክንያቱ ክሬዲቱ ነው። በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት አንድ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራን ይወክላል፤ ክፍል የተቀመጥሽበትም ቤት ያጠናሽውም ይቆጠራል። 4 ዓመት 240 ክሬዲት ይሆናል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ እሱ ዘንድ የተማርሽውን 120 ይቆጥራል፤ አጋሩ ዘንድ የተማርሽውን 120 ደግሞ በስምምነቱ መሠረት እንደራሱ ይቀበላል።

አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሬምስ ላይ የወደቅሽው አንድ ኮርስ የሮይትሊንገኑንም ምረቃ ያስቆመዋል። ስለዚህ ከማመልከትሽ በፊት የፈተና ደንቡን አግኝተሽ አንብቢ፤ በተለይ ከሁለተኛው አገር አቋርጦ የተመለሰ ተማሪ ቢያንስ አንዱን ዲግሪ የሚይዝበት መንገድ መኖሩን አጣሪ። በጀርመን አንድ ፈተና የሚደገመው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ብዙ ቦታ ሁለት ድጋሚ ይፈቀዳል። የመጨረሻውን የወደቀ ተማሪ ያንኑ የትምህርት ዘርፍ በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ እንኳ መቀጠል ይከለከላል። ለፈተና ተመዝግቦ ሳይሰርዙ መቅረት እንደ መውደቅ ይቆጠራል፤ የታመመ ሰው የሐኪም ማስረጃውን ወዲያው ማስገባት አለበት። ከሌላ አገር የሚሄዱ ልጆች ሳያውቁ የሚጎዱት ብዙውን ጊዜ በዚህ ደንብ ነው።

ውጤትም ሲሻገር ይለወጣል። ፈረንሳይ የምትሰጠው ከ20 ነው፤ ማለፊያው 10፣ 14 ደግሞ ጎበዝ ተማሪ የሚያገኘው ነው። በጀርመን 1.0 ከፍተኛው፣ 4.0 ማለፊያው ነው። ጀርመኖች የውጭ ውጤት የሚለውጡበት የተለመደ ቀመር ከከፍተኛው ነጥብ ላይ ያንቺን ይቀንሳል፤ ቀሪውን በከፍተኛውና በማለፊያው ልዩነት ያካፍላል፤ በ3 ያባዛና 1 ይደምራል። 14 ካለሽ (20−14)÷(20−10)×3+1 ነው፤ 2.8 ይመጣል። ፈረንሳይ ውስጥ የተመሰገንሽበት ውጤት ጀርመን ሲደርስ መካከለኛ ሆነ ማለት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ 20 የሚያገኝ ተማሪ ከስንት አንድ ስለሆነ ቀመሩ አይገጥማትም። ለዚህ ነው በደንብ የተደራጁ ጥምረቶች የራሳቸውን የውጤት መለወጫ ሰንጠረዥ የሚያዘጋጁት። አንቺም ሰንጠረዡን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ የለንም ካሉሽ በቀላሉ አትለፊው።

ባካሎሪያው የፈረንሳይ መንግሥት ፈተና ስለሆነ በፈረንሳይ በኩል መንገድሽ የቀና ነው። ልፋቱ ያለው ጀርመንኛው ላይ ነው፤ ስለ ቋንቋ የሚቀጥለውን መልስ አንብቢ።

ልጃችን 11ኛ ክፍል ነው፣ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ጀርመንኛ ይሻለዋል ወይስ ፈረንሳይኛ? አንድ ዓመት ከተማረ ይበቃዋል የሚሉን አሉ። — አዳማ

አንድ ዓመት የሚበቃው ሌላ ሥራ ሳይኖረው በየቀኑ ለሚማር ሰው ነው። ከትምህርት ቤት ጎን ለጎን ለሚማር ልጅ ግን አይበቃም። ሂሳቡን እንይ። ጎተ ኢንስቲትዩት ቢ2 ደረጃ (ከስድስቱ የአውሮፓ የቋንቋ ደረጃዎች አራተኛው) ለመድረስ ከ600 እስከ 800 የትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ ከሱ በላይ ያለውን ሲ1 ለመድረስ ከ800 እስከ 1000 ያስፈልጋል ይላል፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ልጅዎ በሳምንት 6 ክፍለ ጊዜ ቢማር፣ 700ውን ለመጨረስ ወደ 117 ሳምንት ይፈጅበታል፤ ዕረፍቱ ሳይቆጠር ከሁለት ዓመት በላይ ነው። በሳምንት 20 ቢማር 35 ሳምንት ነው። ትምህርቱ በጀርመንኛ የሚሰጥባቸው ፕሮግራሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ሲ1 ነው። እንግዲህ 11ኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ መጀመር ያለበት አሁን ነው፤ 12ኛን እስኪጨርስ መጠበቅ የለበትም። ካልሆነም 12ኛን ጨርሶ አንድ ሙሉ ዓመት ለቋንቋ ብቻ መስጠት ነው። ይህን ዓመት እንደባከነ አይቁጠሩት፤ ሳይዘጋጅ ሄዶ አንድ ዓመት ከመድገም በብዙ ይረክሳል።

የትኛው ቋንቋ ለሚለው፣ “ይቀላል” የሚባለውን ብቻ ይዘው አይምረጡ። ጥሩ አስተማሪና ታማኝ ፈተና በቅርብ የሚያገኙለትን ይምረጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ለጀርመንኛ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ ለፈረንሳይኛ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ለጣሊያንኛ የኢጣሊያ ባህል ተቋም አሉ፤ ድሬዳዋም የአሊያንስ ትምህርት ቤት አላት። ከአዳማ መመላለስ ከባድ ከሆነ ትምህርቱን በኢንተርኔት፣ ፈተናውን በአካል ማድረግ ይቻላል።

ፈተናዎቹ ባሕርያቸው ይለያያል። የጎተ ቢ2 አራት ክፍል አለው፤ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር። እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል፤ ማለፊያው 60 ነው። የወደቀበትን ክፍል ብቻ ለይቶ መድገም ይችላል። የፈረንሳይኛው ዴልፍ ቢ2 አራቱም ክፍሎች ከ25 ናቸው፤ በድምሩ 50 ያገኘ ያልፋል፤ ሆኖም አንዱ ክፍል ላይ ከ5 በታች ካመጣ ድምሩ 70 ቢሆን እንኳ ይወድቃል። ስለዚህ በንባብ ጎበዝ የሆነ ልጅ ማዳመጡን ችላ ማለት የለበትም። የዴልፍ ሰርተፍኬት ጊዜው አያልፍም። የእንግሊዝኛው አይልትስና ቶፍል ግን የሚያገለግሉት ሁለት ዓመት ነው፤ እነሱን በችኮላ አያስፈትኑት፤ ማመልከቻው ሲቃረብ ይደርሳሉ።

ሰርተፍኬቱ ካለ በኋላም ሌላ ሥራ አለ። ቢ2 ያለፈ ልጅ ጋዜጣ ያነባል፣ ይከራከራል፤ የመጀመሪያው የአካውንቲንግ ክፍል ግን ያስደነግጠዋል። በፈረንሳይ ሂሳብ አያያዝ የሚሠራው በመንግሥት በተደነገገ ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ሂሳብ ቁጥር አለው፤ በ6 የሚጀምር ወጪ፣ በ7 የሚጀምር ገቢ ነው። 401 አቅራቢዎች፣ 411 ደንበኞች፣ 512 ባንክ ናቸው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ቁጥሩን ነው፤ ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ ተቀምጠው ይሸመድዱታል። ጀርመን ውስጥም ዴቢትና ክሬዲት “ዞል” እና “ሀበን” ናቸው፤ ትምህርቱም ከንግድ ሕጋቸው ጋር ተያይዞ ነው የሚሰጠው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመሄዱ በፊት ባለው ክረምት በዚያው ቋንቋ የተጻፈ የጀማሪ አካውንቲንግና የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ይስጡትና መልመጃዎቹን በእጁ ይሥራ። ሐሳቡን በእንግሊዝኛ አስቀድሞ ካወቀ የሚቀረው ቃሉ ብቻ ነው።

ሌላም ምርጫ አለ። ደብሊን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ግሎባል ቢዝነስ የሚለውን ትምህርት ከቦስተኑ ኖርዝኢስተርን ጋር ያጣመረበት መንገድ ሁለተኛ ቋንቋ አያስፈልገውም። ሁለት ዲግሪ ያስገኛል፤ ነገር ግን በሁለተኛ ቋንቋ ከደንበኛ ጋር የመደራደርና ውል የማንበብ ችሎታ አያስገኝም። ለእኛ የዚህ ትምህርት ትልቁ ዋጋ ያ ችሎታ ነውና ልጅዎ ቋንቋ የሚወድ ከሆነ በዚያ አቋራጭ እንዲሄድ አንመክርም።

አንድ ሼንገን ቪዛ ካለኝ ጀርመንም ፈረንሳይም እማርበታለሁ አይደል? — ሐዋሳ

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአጭር ጊዜ ሼንገን ለጉብኝት ነው። ለትምህርት የሚሰጠው የረጅም ጊዜ ቪዛ የአንድ አገር ነው፤ እሱን ተከትሎ የሚመጣው የመኖሪያ ፈቃድም እንዲሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በተስማሙበት ፕሮግራም ውስጥ ያለ ተማሪ በአንዱ አገር ፈቃድ በሌላው አባል አገር እስከ 360 ቀን እንዲማር ይፈቅዳል። አየርላንድና ዴንማርክ ግን በዚህ መመሪያ ውስጥ የሉም። የእርስዎ ፕሮግራም በሁለተኛው አገር ሁለት ዓመት ስለሚያስቆይ ከ360 ቀን ያልፋል። በአጭሩ፣ ሁለተኛ ቪዛና ሁለተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልግዎታል።

ደግነቱ ለሁለተኛው ለማመልከት አዲስ አበባ መመለስ አያስፈልግም፤ ጀርመን በሕጋዊ ፈቃድ እየኖሩ እዚያው ባለው የፈረንሳይ ቆንስላ በኩል ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ፈቃድ ሳያልቅ ግን መጀመር አለበት። ፓስፖርትዎ በአራቱ ዓመት መካከል የሚያልቅ ከሆነ ከአገር ሳይወጡ ያሳድሱ፤ ውጭ ሆኖ ማሳደስ ሳምንታት ሊበላ ይችላል፤ የቪዛ ቀጠሮ ደግሞ አይጠብቅም።

ሌላው ወጥመድ መመለሻው ነው። ከጀርመን ወጥቶ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ ይቃጠላል። ፈረንሳይ ሁለት ዓመት ቆይተው ለጀርመን የሥራ ልምምድ ወይም ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚመለሱ ከሆነ፣ ከመውጣትዎ በፊት ለውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ቢሮው ረዘም ያለ ጊዜ እንዲፈቀድልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከወጡ በኋላ ቢጠይቁ ጊዜው አልፏል።

ገንዘብም በሁለቱም አገር ይታያል። ጀርመን በዝግ ሂሳብ የምትጠይቀው ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ በየወሩ የሚወጣልዎት 992 ነው። ፈረንሳይ የምትጠይቀው ዝቅተኛ ማሳያ በወር 615 ዩሮ ነው፤ ይህ ለፓሪስ ኑሮ አይበቃም፤ እንደ ሬምስ ባለ ከተማም ያጣብባል። ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሲጠይቁ የቅበላ ደብዳቤውን ያቀርባሉና ዋናውን በጥንቃቄ ይያዙ።

ሥራን በተመለከተ፣ ጀርመን ውስጥ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቀድለታል፤ ፈረንሳይ ውስጥ 964 ሰዓት ነው። በትምህርቱ ደንብ ግዴታ የሆነ የሥራ ልምምድ ከ140ው ቀን አይቀነስም፤ ነገር ግን የጀርመን ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግም አይመለከተውም፤ ስለዚህ ምንም ሳይከፈሉ ሊሠሩ ይችላሉ። በፈረንሳይ ከሁለት ወር የሚበልጥ ልምምድ አበል የግድ አለው፤ ተማሪው፣ ትምህርት ቤቱና ድርጅቱ ሦስቱም የፈረሙበት የልምምድ ውል ሳይኖር ግን ሥራ አይጀመርም።

እኛ ፍራንክፈርት ነን። ልጃችን አቢቱር (የጀርመን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ) ልትጨርስ ነው። ሁለቱ ዲግሪዎች አንድ ከሆኑ በጀርመን በኩል ብትገባ ወይም በፈረንሳይ በኩል ለውጥ አለው? — ፍራንክፈርት

ብዙ ለውጥ አለው። በእንዲህ ያሉ ጥምረቶች ክፍያ የሚፈጸመው በአብዛኛው መጀመሪያ ለተመዘገቡበት ተቋም ነው። የፈረንሳይ የግል ቢዝነስ ትምህርት ቤት በዓመት ከ10 ሺህ ዩሮ በላይ ያስከፍላል። ሮይትሊንገን ግን የመንግሥት ነው፤ ያለበት የባደን ቩርተምበርግ ክልል ከኅብረቱ ውጭ የመጡትን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ በጀርመን ትምህርት ሥርዓት አቢቱር የያዘች ልጅ፣ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ቢሆንም፣ ይህን አትከፍልም። በጀርመን በኩል ትግባ።

ልጄ አሜሪካዊት ናት፤ ፋፍሳ ይሸፍንላታል? — ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ፋፍሳ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ነው፤ መሸፈኑን እንዴት እንደምትገባ ይወስነዋል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግባ፣ ያ ዩኒቨርሲቲ የውጭውን ትምህርት በክሬዲት የሚቆጥርላት ከሆነ የፌዴራል እርዳታው፣ የማይመለሰውን ፔል ግራንት ጨምሮ፣ ይከተላታል። በቀጥታ አውሮፓ ላለ ትምህርት ቤት ካመለከተች ግን ከፌዴራል የምታገኘው ብድር ብቻ ነው፤ ያውም ትምህርት ቤቱ በብድሩ ፕሮግራም የታቀፈ ከሆነ። ፔል ውጭ አገር ትምህርት ቤት አይሄድም። ኖርዝ ካሮላይና ስቴት የመንግሥት ቢሆንም ለሜሪላንድ ነዋሪ የሚያስከፍለው የሌላ ስቴት ሰው ዋጋ መሆኑን በጀትዎ ላይ ያስገቡ።

ቪዛውን በሚመለከት የአሜሪካ ዜጋ ጀርመን ያለ ቪዛ ገብታ እዚያው በ90 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ትጠይቃለች። የእስራኤል ፓስፖርት ላላችሁም እንዲሁ ነው። ፈረንሳይ ግን ለአሜሪካውያንም የረጅም ጊዜ የተማሪ ቪዛ ከመነሳታቸው በፊት ትጠይቃለች፤ ከገቡ በኋላም በሦስት ወር ውስጥ በኢንተርኔት መረጋገጥ አለበት።

ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቄ እየሠራሁ ነው። ባንክ ውስጥ ያጠራቀምኩት ገንዘብ የለም። ለኔ የሚሆን አለ? — ባሕር ዳር

አለ፤ በማስተርስ ደረጃ። ኤራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ቢያንስ በሁለት አገር የሚሰጥ ማስተርስ ሲሆን፣ ስኮላርሺፕ ያገኘ ሰው የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይከፈለዋል። ማመልከቻው በቀጥታ ለሚመርጡት ፕሮግራም ነው፤ ደላላ አያስፈልገውም። አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ትራንስክሪፕትዎን፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤና የእንግሊዝኛ ውጤትዎን እስከ መስከረም ያዘጋጁ። በቀደመው ቀመር 3.4 ያለው ጂፒኤ፣ ማለፊያው 2.0 ሲሆን፣ በጀርመን 1.9 ይሆናል፤ ይህ ጠንካራ ውጤት ነው፤ ለማመልከት አይፍሩ።

ሁለቱን ዲግሪዎች ይዤ ብመለስ አገር ቤት እንዴት ይታያሉ? — ስሙ እንዳይጠቀስ የጠየቀ አንባቢ

በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪዎች ተደምረው ማስተርስ አይሆኑም፤ ሁለቱም በመጀመሪያ ዲግሪነት ይታያሉ። ከሁለቱም ተቋማት ዲፕሎማውን፣ ትራንስክሪፕቱንና ዲፕሎማ ሰፕልመንት የሚባለውን መግለጫ ይያዙ፤ ይህ ሰነድ ትምህርቱ በየትኛው ደረጃ እንዳለ፣ የት ምን እንደተማሩ የሚያስረዳ ሲሆን አውሮፓ ውስጥ ተመራቂ ያለ ክፍያ ያገኘዋል። ሳይቀበሉት ከአገሩ አይውጡ።

ትልቁ ጥንቃቄ ግን ከመመዝገብ በፊት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የግል ቢዝነስ ትምህርት ቤት “ባችለር” ብሎ የሚሰጠው ሁሉ መንግሥት ያወቀው ዲግሪ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ማረጋገጫ ያለው መሆኑን፣ “ግራድ ደ ሊሳንስ” የሚባለውን ደረጃ ማግኘቱንም ይጠይቁ። ስፔን ውስጥም “ቲቱሎ ኦፊሲያል” የመንግሥቱ ዲግሪ ነው፤ “ቲቱሎ ፕሮፒዮ” ዩኒቨርሲቲው በራሱ ስም የሚሰጠው ነው፤ ሁለተኛው በጥራቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለአቻ ግምትና ለቀጣይ ትምህርት ግን በር ይዘጋል። ከሁለቱ ዲግሪዎች አንዱ እንዲህ ዓይነት ከሆነ በእጅዎ የሚቀረው አንድ የታወቀ ዲግሪ ብቻ ነው። መልሱን በጽሑፍ ካላገኙ የምዝገባ ክፍያ አይላኩ።